ኳሷን የሚያስጀምራት ሰው

ባለፈው መስከረም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ቫን ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ያለው መኖሪያ ሕንፃችን በር ላይ ስትቆም መሪውን የያዘው እንደወትሮው ኤርሚያስ አልነበረም። አንድ ቀጭን ወጣት ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ደህና ዋላችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ" አለን። ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

"ሰውዬውስ?" አሉት።

ልጁ የትኛው ሰውዬ ብሎ አልጠየቃቸውም። ኤርሚያስ ሐሙስ ዕለት ጓዙን በመኪናው ጭኖ ወደ ምዕራብ ካናዳ፣ ወደ ሬጃይና ከተማ እንደሄደና እዚያ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች እንዲያሠለጥን እንደቀጠረው ነገራቸው። ጉልበቱ ከእንግዲህ አያጫውተውም። ለማንም ሳይናገር የሄደው፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሽኝት ፕሮግራም እንደሚያዘጋጅለት፣ ኬክ እንደሚቆረስና ንግግር እንደሚደረግ ስላወቀ ነው።

"ኤርሚያስ ከኬክ ሸሸ ነው የምትለኝ?" አሉ እትዬ ወርቅነሽ። ማመን አቅቷቸው ልጁን ትንሽ ካዩት በኋላ ገቡ።

ያን ቀን መንገዱን ሙሉ የተወራው ስለ እሱ ነበር። አንዲት እህት ኤርሚያስ አንድ ጊዜ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል አግብቶ ቡድኑን እንዳዳነ ለአዲሱ ሹፌር አወራችለት። ኤርሚያስ በሕይወቱ ጎል አግብቶ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ገና ዘንድሮ ነው፤ ስለ ሰው የመጻፍ ልምድም የለኝም። ነገር ግን ያየሁትን እንዳየሁት ካልጻፍኩት በየወሬው እየተለወጠ እንደሚሄድ ያን ቀን ቫኑ ውስጥ ገባኝ።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደነበር ላስረዳ። የሚጫወተው እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። እዚህ ፉትቦል የሚሉት፣ ተጫዋቾቹ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትና ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ኳሷም ክብ አይደለችም፤ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ አላት። ኤርሚያስ የቡድኑ ሴንተር ነበር። ሴንተር ማለት በተሰላፊዎቹ መሀል ኳሷ ላይ አጎንብሶ፣ በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ፣ ኳርተርባክ ለሚባለው ጨዋታ መሪ የሚለቃት ሰው ነው። ከለቀቃት በኋላ ኳርተርባኩን ሊጥሉ የሚመጡትን ግዙፍ ሰዎች በደረቱ ያግዳል። እሱ ኳሷን ካላንቀሳቀሳት ጨዋታው አይጀመርም። ሥራውን በትክክል ሲሠራ ግን ማንም አያየውም። ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ ነው።

በበር ሲገባ ጎንበስ ማለት ነበረበት፤ ትከሻው ደግሞ ጎንበስ ብሎም አይበቃውም፣ ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልገዋል። ካናዳውያን ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲሰሙ "ሯጭ ነህ?" ብለው ይጀምሩና ከእግር እስከ ራሱ አይተውት ጥያቄውን መሀል ላይ ይተዉታል። እሱ ግን "አዎ፣ አጭር ርቀት፤ ከወንበር እስከ ፍሪጅ" ብሎ ይመልስላቸዋል። እኔ ከእናቴ ጋር በስፖንሰር እንደመጣሁ ሰሞን መጀመሪያ ስንተዋወቅ "እንደምን ዋሉ?" ብዬው ነበር። ግራና ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ "ብዙ ሰው ብመስልም አንድ ነኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ እለው ጀመር።

ወደ ካናዳ የመጣው በልጅነቱ ነው። ሴንት ጄምስ ታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፉ ከነበሩት እናቱ ጋር አደገ። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ ውስጥ ሁለት ልጆች ሲደባደቡ መሀላቸው ገብቶ፣ ሁለቱንም ሳይመታ፣ ዝም ብሎ ቆሞ ለያያቸው። የስፖርት መምህሩ ይህን አይቶ ወደ ሜዳ ወሰደው። እናቱ ዩኒቨርሲቲ እያለ ታመው አረፉ። ከሥራቸው ሰዓት ጋር አልገጥም ብሎ አንድም ጨዋታውን ሳያዩ ነው የሞቱት። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነግሮኝም ሬዲዮ ከፈተ።

በሙያው ከከተማ ከተማ ዞሯል። ሦስት ቡድኖች ወስደው አሰናብተውታል። ተጫዋች የሚሰናበተው ጠዋት በስልክ ስለሆነ ከቁርስ በፊት የሚጠራ ስልክ አያነሳም ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ይህን ለምደው፣ ቫኑን የፈለገ ሁሉ "በልቷል ይሆን?" ብሎ ነበር የሚደውልለት። በብርዱ ወራት ጨዋታ ስለሌለ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እሑድ፣ ከከተማ ውጭ ጨዋታ ከሌለው፣ ቫኑን ይነዳል። የኛ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን የምትከራየው ከሰዓት በኋላ፣ የእንግሊዝኛው አምልኮ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱ ግን እናቶችን ሰብስቦ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ደረጃ የከበዳቸው ሁሉ ትከሻውን ይዘው ይወጣሉ።

አንድ ልማድ ነበረው። ምንም ነገር ከመያዙ በፊት፣ ማንኪያም ሆነ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረግ ያደርጋል። በላብ የራሰ እጅ ኳስ ያስታል፤ ከዚያ የመጣ ነው። አንድ ቃልም ነበረችው፤ "የሚቀጥለው"። የትራፊክ መብራት ሲይዘው፣ ሳህን ሲሰብር፣ እኔ የሒሳብ ፈተና ወድቄ ፊቴን አጥቁሬ ቫኑ ውስጥ ስገባ፣ የሚለው ይህንኑ ነው። እንደ ማጽናኛ አልነበረም የሚላት። ሥራ እንደሚያዝ ሰው ነው የሚላት።

አሁን የምጽፈው ነገር የሆነው እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ፣ እሱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። በመጨረሻ የገዛ ከተማው ቡድን ወስዶት ነበር፤ ግን ተጠባባቂ ነው። አንድ ሳምንት ዋናው ሴንተር ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረና ተራው የኤርሚያስ ሆነ። መጋቢ ስለሺ ይህን ከመድረክ ሲያስታውቁ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ወዲያው ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንከራይ ተባለ። ኤርሚያስ አስተናጋጆች የሚቆሙበት በር ላይ ሆኖ ወለሉን ያይ ነበር።

እኔ ሰዎቹ ግራ እንዳይገባቸው ብዬ የጨዋታውን ሕግ ከላይብረሪ አንብቤ መጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ፣ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ለመሄድ ሦስት ዕድል እንዳላቸው አስረዳሁ። እናቶች በትዕግሥት ሰሙኝ፤ የጠየቁኝ ግን የእኛ ልጅ የቱ እንደሆነ ብቻ ነው። ያጎነበሰው ነው አልኳቸው።

ስታዲየሙ መሀል ከተማ ያለው፣ ጣሪያው የሚከፈት የሚዘጋው ነው። ያን ቅዳሜ ተዘግቶ ነበር፤ ወንበሩም ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። እኛ የተቀመጥነው በአንደኛው ጫፍ፣ ለሜዳው ቅርብ ነበር። ኤርሚያስ ሲወጣ ድምፅ ማጉያው ገብረመስቀል ብሎ ጠራው። እዚህ አገር ወረቀት ላይ የመጨረሻው ስም ስለሚወሰድ ማልያው ጀርባ ላይ የተጻፈው የአያቱ ስም ነው። ስሙ ረጅም ቢሆንም ጀርባው በቅቶታል።

"አያቱም ይጫወታሉ እንዴ?" አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ። ቀጥለው ደግሞ ኤርሚያስ ኳሷ ላይ ሲያጎነብስ አይተው፣ "ምን ወድቆበት ነው?" አሉ።

ሥራው እሱ መሆኑን ስነግራቸው ተነሥተው ቆሙና እልል አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሴት፣ በተዘጋ ጣሪያ ሥር፣ ባዶ ወንበር መሀል እልል ሲል ድምፁ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ኤርሚያስ ባጎነበሰ ቁጥር እልል ይባል ጀመር። ቀና ሲል ይቆማል፣ ሲያጎነብስ ይነሳል።

ከፊታችን ፊቱን የቡድኑን ቀለም የተቀባ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እትዬ ወርቅነሽ አዘኑለት። ቦርሳቸውን ከፍተው ዳቦ ቆሎ ዘገኑና መዳፉ ላይ አፈሰሱለት፤ "እንካ ልጄ፣ ብላ" አሉት። ሰውየው አመስግኖ በላ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዞረና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጨመሩለት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የኛ ቡድን በጥቂት ነጥብ ይመራ ነበር። ግን ወደ ራሱ የግብ ክልል ተገፍቶ፣ ኤርሚያስ ያጎነበሰው ልክ እኛ ፊት ለፊት ነው። እልልታው እንደዚያ ጊዜ ጠንክሮ አያውቅም። ኳርተርባኩ አፉን ሲከፍት አየሁ፤ እጁን ወደ ጆሮው ሲወስድም አየሁ። ኤርሚያስ ኳሷን ለቀቃት። ኳርተርባኩ ገና አልተዘጋጀም ነበር፤ በትከሻው ላይ አልፋ ወደ ኋላ ተንከባለለች። ከተቃራኒ ቡድን አንዱ የግብ ክልሉ ውስጥ ደርሶባት ተኛባት፤ ይህም እንደ ጎል ይቆጠራል። ጨዋታውን በዚያች ኳስ ተሸነፍን። በስታዲየሙ ውስጥ ገብረመስቀል የሚለውን ስም ብዙ ሰው የጠራው ያን ጊዜ ነው፤ አጠራሩ ግን ሌላ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ቫኑን ይዞ በሰዓቱ መጣ። ጉልበቱ ላይ የቀዘቀዘ አተር በፌስታል አስሮ ነበር። ማንም ስለ ጨዋታው አላነሳም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ሽማግሌዎች ወደ ፊት ጠርተው እንዲንበረከክ አደረጉትና እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። በተለይ ለእጆቹ ጸለዩ፤ እንዲጸኑ፣ ከእንግዲህ እንዳይስቱ። እትዬ ወርቅነሽ ያለቅሱ ነበር። ኤርሚያስ መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠርጎ ዘረጋቸውና አሜን አለ።

እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቤቴ እንደገባሁ ፊቱን የተቀባው ሰው ጣቱን ለምን ከንፈሩ ላይ እንደሚያደርግ ፈልጌ አንብቤ ነበር። የገዛ ቡድንህ ኳስ ሲይዝ ዝም ይባላል፤ ሴንተሩ ኳሷን የሚለቀው የኳርተርባኩን ድምፅ ሰምቶ ነውና። የሚጮኸው ተቃራኒው ኳስ ሲይዝ ነው። እኛ ያደረግነው ግልባጩን ነው። ከአምልኮ በኋላ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም አብሬው ወረድኩና ያነበብኩትን ነገርኩት።

እሱ ያውቃል። ኮቹ፣ አሠልጣኙ፣ ምን ሆነህ ነው ሲለው "የኔ ስህተት ነው" ብሎ እንደመለሰ፣ ኮቹም አንድ ጨዋታ ብቻ እንደሰጠው ነገረኝ። የእረፍት ሳምንት አለ፣ ከዚያ እዚሁ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ያኔ ከተበላሸ ቦታው ከዩኒቨርሲቲ ለመጣው ልጅ ይሰጣል። በዚህ ዕድሜና በዚህ ጉልበት ደግሞ ሌላ ቡድን አይደውልም።

"ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው የለም" አለኝ። ያችን ቃሉን እንደዚያ ሲላት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲያው እኔ ልንገራቸው፣ ቀስ አድርጌ፣ ማንንም ሳላስከፋ አልኩት። አውቶቡሱ ለሚቀጥለውም ጨዋታ ተከራይቷል፤ አሁንም ሁሉም ይመጣሉ።

"አትነግሪያቸውም" አለኝ። የነዳጁን ቱቦ ቦታው መልሶ እጁን ጠረገ። "ስሚኝ ቤቴል። ስምንት ዓመት ተጫውቻለሁ። በየከተማው ስሜን አጥንተው የሚጠሩኝ ሊሰድቡኝ የመጡ ናቸው። እሱም አንዱ የጨዋታው ክፍል ነው፤ አልቀየምም። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ሰው ለኔ ብሎ እልል አለ። አሁን ሄጄ ዝም በሉ ልበላቸው?"

"ካልነገርካቸው ግን ያባርሩሃል።"

"ሰው ሊያጠፋኝ ሲጮህ ሠርቼ አውቃለሁ። ወዳጅ ሲጮህልኝ መሥራት ለምን ያቅተኛል? እኔ ፕራክቲስ አደርጋለሁ። እነሱ እልል ይበሉ።"

ያገኘው መላ ይህ ነበር። በሌላ ቡድን ሜዳ፣ ጩኸቱ ሲበዛ፣ ኳርተርባኩ በድምፅ ፋንታ እግሩን ከፍ ያደርጋል። ሴንተሩ አጎንብሶ በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ እያየ እግሩ ሲነሳ ይጠብቅና በልቡ ቆጥሮ ይለቃታል። በገዛ ሜዳው ይህን የሚያደርግ ቡድን የለም። ኤርሚያስ ለኳርተርባኩ ይህን ሲያቀርብለት ልጁ ሳቀበት። ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመጣ ቀልደኛ ልጅ ነው አሉ።

"እናቶቼ ይመጣሉ" አለው ኤርሚያስ።

"ስንት እናት ነው ያለህ?"

"አንድ አውቶቡስ።"

ልጁ እሺ አለው። ግን ኤርሚያስ ከእልልታው ጋር መለማመድ ፈለገ፤ እልልታ ደግሞ የቡድኑ ልምምድ ቦታ የለም። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናቶችን አዳራሹ ጀርባ ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ ሰበሰባቸውና፣ ኳሷን ሲለቅ እልል እንዲሉለት፣ ብርታት እንደሚሰጠው ነገራቸው። ውሸት አልነበረም። የኳርተርባኩን ቦታ የሚይዝ ሲጠፋ መጋቢ ስለሺ ኮታቸውን አውልቀው ቆሙ። መጋቢ ስለሺ ቀጭን፣ ሰው የማያስቀይሙ ሰው ናቸው። እግርዎን አንዴ ከፍ አድርገው ይመልሱ ቢባሉ፣ ከመደንገጣቸው የተነሳ ሁለቱንም እያፈራረቁ ያነሱ ጀመር።

"መጋቢ፣ አንዱን ብቻ" ይላል ኤርሚያስ ተዘቅዝቆ እያያቸው። "እየዘመርን አይደለም።"

እትዬ ወርቅነሽ ጆሮው ሥር ቆመው ነበር እልል የሚሉት። ሌሎቹ ከበውታል። ኳሷ አንዴ ከመጋቢ ራስ በላይ ሄደች፣ አንዴ መሬት ላይ ነጠረች፣ አንዴ ጣታቸውን አገኘች። በእያንዳንዷ "የሚቀጥለው" ይላል፣ ያጎነብሳል። ጉልበቱ እያመመው መሆኑ ቀና ሲል ከንፈሩን ከመንከሱ ይታወቃል፤ ግን አላቆመም። የግቢው ጠባቂ በጩኸቱ ደንግጦ መጣና ሰርግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ኤርሚያስ አዎ አለው። ሙሽራውስ ቢለው፣ ኳሷን እንዳቀፈ ራሱን በጣቱ አመለከተ። የእናቶች ድምፅ ተዘግቶ እልልታው እንደ ሹክሹክታ እስኪሆን ድረስ ቆየን። መጨረሻ ላይ ኳሷ የመጋቢ ደረት ላይ እየመጣች ታርፍ ነበር። መጋቢ በዚያ ሳምንት መካከል የጸሎት ፕሮግራም ሲመሩ የመጽሐፍ ቅዱሱን ገጽ የሚገልጡት በግራ እጃቸው ነበር፤ የቀኙ ጣት ታስሯል።

ሁለተኛው ጨዋታ ደረሰ። እዚያው ቦታ ተቀመጥን፤ ፊቱን የሚቀባው ሰውም እዚያው ከፊታችን ነበር። ኤርሚያስ ሲያጎነብስ እልልታው ተነሳ። ኳርተርባኩ እግሩን ከፍ አደረገ፣ መለሰ፣ ኳሷም ሄዳ እጁ ላይ አረፈች። እንደገና ሄደች፣ እንደገና አረፈች። የኤርሚያስን ሄልሜት ብቻ ነበር የማየው፤ ከሜዳው ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። እስከ እረፍት አንድም አላበላሸም።

በእረፍቱ ሰውየው ትልቅ ፈንዲሻ ገዝቶ መጣና ለእትዬ ወርቅነሽ ሰጣቸው። ከዚያ በትሕትና ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ነገረኝ። ፈንዲሻውን ታቅፈው፣ "ምን አለ?" አሉኝ። እወዳችኋለሁ ነው የሚለው አልኳቸው። እሱንም ብሏል።

"ይህን ሁሉ አውርቶ? እንዳለ ንገሪኝ፣ ልጄ።"

ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። እንዳለ ነገርኳቸው፤ የኛ ቡድን ኳስ ሲይዝ ዝም እንደሚባል፣ ተጫዋቾቹ መስማማት እንዳለባቸው። ፈንዲሻውን ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

"የዚያን ዕለት ኳሷ ያመለጠችው..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ። መዞሬ ሁሉንም ነገራቸው። ተነሥተው በየወንበሩ እየሄዱ ለእያንዳንዷ በጆሮዋ ነገሯት። ጨዋታው ሲቀጥል ያ ሁሉ ሴት በነጠላው ጫፍ አፉን ሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። መጋቢ ስለሺ የታሰረ ጣታቸውን ያዩ ነበር።

ኤርሚያስ ወጥቶ አጎነበሰ፤ ዝም። ኳሷን ለቀቃት፣ ጥሩ ሄደች። ቀና ሲል ወደ እኛ ዞር አለ። በሚቀጥለውም ዞር አለ። ሄልሜቱ ውስጥ ፊቱ አይታይም፣ ግን ሰው የሚወደውን ሰው ፈልጎ ሲያጣ አንገቱ እንዴት እንደሚሆን ይታወቃል። ሲቀመጥም፣ ውሃ ሲጠጣም ወደኛ ያይ ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የኛ ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። የመጨረሻዋ ዕድል ላይ ደርሰው ሁለት ያርድ ይቀራቸዋል። ካገኙ ሰዓቱን ጨርሰው ያሸንፋሉ፤ ካላገኙ ኳሷ ለተቃራኒው ትሰጣለች። ለኤርሚያስ ደግሞ ሁሉም ነገር እዚያች ላይ ነበር። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ሕጉን የሚያውቀው ሕዝብ ስለሚያውቅ፣ እኛ ደግሞ ስላፈርን።

ኤርሚያስ ወደ ኳሷ ሄደ፤ ግን አላጎነበሰም። ወደ እኛ ዞረና ሁለቱን ግዙፍ እጆቹን ከወገቡ ወደ ላይ አነሳ። አወረደና እንደገና አነሳ። ዳር የቆመው ኮች ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረ።

"ምን እያለ ነው?" አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

"እልል በሉ እያለን ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡ። መጀመሪያ ብቻቸውን ነበሩ፤ ድምፃቸውም ከልምምዱ ገና ስላልዳነ ይሰነጠቅ ነበር። ከዚያ ሁሉም ተነሡ። ፊቱን የተቀባው ሰው እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ አየን። ኤርሚያስ መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገና አጎነበሰ። የኳርተርባኩ እግር ከፍ አለ፣ ተመለሰ። ኳሷ ሄደች። ኤርሚያስ ከፊቱ የቆመውን ሰው በደረቱ ይዞ ወደ ፊት ገፋ፤ ኳርተርባኩም ጀርባው ላይ ተጣብቆ ተከተለው። ሁሉም ተደራርበው ወደቁ። ሲነሡ ሁለት ያርድ አልፈዋል። በማግስቱ ስለ ጨዋታው በወጣው ዜና ውስጥ ስሙ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ከቁርስ በፊት ስልኩ ጠራ። አላነሳም። እንደገና ጠራ፣ አሁንም አላነሳም። ሁለት እንቁላል ጠብሶ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ራሱ መልሶ ደወለ። ኮቹ ነበር። ቦታው ያንተ ነው፣ ግን ዳግመኛ እጅህን አታንሳ አለው። ኤርሚያስም እሱን ቃል አልገባም ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እስኪያስቆመው ድረስ ለሁለት ዓመት በሴንተርነት ተጫወተ፤ አውቶቡሱም አልቀረም።

የስልኩን ነገር የነገረን በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ቫኑን ሕንፃችን በር ላይ አቁሞ ነው። ሁላችንም ስቀን ስንገባ እትዬ ወርቅነሽ ግን ውጭ ቀሩ። ቁመታቸው ደረቱ ጋ እንኳ አይደርስም። ቀና ብለው አዩት።

"እኔ ነኝ መጀመሪያ እልል ያልኩት" አሉት። "ቢያባርሩህስ? ለምንድነው ያልነገርከን?"

ኤርሚያስ ለመመለስ ጊዜ አልወሰደም።

"ብነግራችሁ ዝም ትሉ ነበራ" አላቸውና በሩን ከፈተላቸው።